ፓንክረስት፦ ከእንግሊዝ ደን ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰ የቤተሰብ ስም

ፓንክረስት የሚለው ስም ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ በብዕራቸው የተዋጉት ሲልቪያ ፓንክረስት፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡት የልጅ ልጆች ስሙን በአገሪቱ አስለምደውታል። ስሙ በበቀለበት በእንግሊዝ ግን ፓንክረስት ብርቅ ከሚባሉት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። እንደ ስሚዝ፣ እንደ ጆንስ ወይም እንደ ቴይለር በየከተማው የሚገኝ ሳይሆን፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሴክስና በኬንት አካባቢ ተወስኖ የኖረ ስም ነው።

የዚህ ስም ታሪክ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። አንደኛው ስሙ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ ለዚህም የስም አጥኚዎች አንድ ሳይሆን ሁለት መልስ አላቸው። ሁለተኛው፣ በአባት ሐረግ ብቻ ሊወረስ የተለመደ ስም እንዴት በሴት በኩል ተላልፎ ለኢትዮጵያ በቃ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞችም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከመያዙ በፊት፣ በዚያ አገር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የተለመደ አልነበረም። ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነበር፤ ማንነቱን ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ የአባቱ ስም፣ የመንደሩ ስም ወይም አንድ ቅጽል ይታከልበታል። ይህ ጭማሪ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል እንጂ ለልጅ አይተላለፍም ነበር። ከድሉ በኋላ የኖርማን ባላባቶች የርስታቸውን ስም ከስማቸው ጋር ማጣመርና ከርስቱ ጋር ለልጆቻቸው ማውረስ ጀመሩ። ልማዱ ቀስ በቀስ ከባላባት ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ገበሬ ወረደ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመጠሪያ ስሞች ማነስ ነበር። ኖርማኖች ያመጧቸው ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድና ጆን የቀድሞዎቹን የእንግሊዝ ስሞች እየተኩ ሲሄዱ፣ በአንድ መንደር ብዙ ዊልያሞችና ብዙ ጆኖች ተገኙ። ግብር ሰብሳቢና የፍርድ ቤት ጸሐፊ የትኛው ዊልያም እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ግድ ሆነበት። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ልማዱ ምን ያህል እንደተስፋፋ ያሳያል። እስከ 1400 አካባቢ ድረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ይዞ ነበር። በ1538 ደግሞ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር አዘዘ።

በዚህ መንገድ የጸኑት ስሞች በአራት ይመደባሉ፦ እንደ ስሚዝ ከሙያ፣ እንደ ጆንሰን ከአባት ስም፣ እንደ ብራውን ከመልክ ወይም ከቅጽል፣ የቀሩት ደግሞ ከቦታ የተወሰዱ ናቸው። ብርቅ የሚባሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በመጨረሻው ምድብ ነው። ቀጥቃጭ በየመንደሩ ስለነበረ ስሚዝ በብዙ ቦታ በየራሱ ተወለደ፤ ከአንድ ትንሽ የእርሻ ቦታ የተገኘ ስም ግን ከአንድ ወይም ከጥቂት ቤተሰብ አያልፍም።

የወፏ ኮረብታ

የመጀመሪያው መልስ ፓንክረስትን ከዚሁ የቦታ ስም ምድብ ያስገባዋል። በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሪና በሰሴክስ አውራጃዎች፣ ፒንክኸርስት የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ስሙ ከሁለት የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት የተሠራ ነው። ‘ፒንካ’ ፊንች የምትባለዋ ትንሽ ወፍ ናት፤ ‘ኸርስት’ ደግሞ ዛፍ የለበሰ ኮረብታ ማለት ነው። ስለዚህ የስሙ ፍቺ ‘የፊንቾች ጫካማ ኮረብታ’ ይሆናል።

አካባቢው ለዚህ ዓይነቱ ስም የተመቸ ነበር። ከኬንት እስከ ሰሴክስና ሰሪ የተዘረጋው፣ ዊልድ የሚባለው ምድር በጥንት ዘመን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ ሰዎች እየመነጠሩ ሲሰፍሩበት ለየኮረብታው ስም አወጡ። ዛሬም በዚያ የሚጓዝ ሰው ሚድኸርስት፣ ዋድኸርስት፣ ታይስኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ሲሲንግኸርስት የሚሉ የከተማና የመንደር ስሞችን በተርታ ያገኛል። ‘ኸርስት’ን የሰማ እንግሊዛዊ የስሙን ባለቤት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሻግሮ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

‘ፒንክ’ እንዴት ‘ፓንክ’ ሆነ? የአጻጻፍ ደንብ ባልነበረበት ዘመን አብዛኛው ባለስም ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ስሙን የሚጽፈው ካህኑ ወይም ጸሐፊው ነው፤ እርሱም የሚጽፈው በሰማው መጠን ነው። አንዱ ፒንክኸርስት ያለውን ሌላው ፔንክኸርስት፣ ሦስተኛው ፓንክኸርስት ብሎ ቢያሰፍር የሚቃወመው አልነበረም። አንድ ሰው በተጠመቀበት፣ ባገባበትና በተቀበረበት መዝገብ ሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ መገኘቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር ነው።

የስሙ የጥንት መልክ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥም ያልተጠበቀ ቦታ አግኝቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር፣ ሥራዎቹን የሚገለብጥለትን አዳም የተባለ ጸሐፊ በስሕተቱ ምክንያት የሚወቅስበት አጭር ግጥም አለው። አዳም ማን እንደነበረ ለዘመናት ሳይታወቅ ቆየ። በ2004 ሊን ሙኒ የተባሉ የጥንታዊ ጽሑፎች ተመራማሪ፣ ሰውየው አዳም ፒንክኸርስት የተባለ የለንደን ጸሐፊ እንደሆነና የካንተርበሪ ተረቶችን ሁለት ታላላቅ ጥንታዊ ቅጂዎች የጻፈው እርሱ እንደሆነ አስታወቁ። ለዚህም የጸሐፊዎች ማኅበር አባል ሲሆን በመዝገብ ላይ በእጁ ያሰፈረውን ቃለ መሐላ ከቅጂዎቹ የእጅ ጽሑፍ ጋር አነጻጸሩ። ስሙንም በሰሪ፣ በጊልድፎርድና በዶርኪንግ መካከል ከሚገኘው የፒንክኸርስት እርሻ ጋር አያያዙት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት የእጅ ጽሑፎቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ፒንክኸርስት የሚባል ጸሐፊ መኖሩ ግን አያጠያይቅም።

ወይስ የጰራቅሊጦስ ልጅ?

ሁለተኛው መልስ ከደን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ፓንክረስትን የሚያስቀምጡት ከፔንቴኮስት ሥር ነው። ፔንቴኮስት በግሪክኛ ‘ሃምሳኛ’ ማለት ሲሆን፣ ከትንሣኤ በኋላ የሚውለው የጰራቅሊጦስ በዓል መጠሪያ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዚህ በዓል የተወለደ ልጅ ፔንቴኮስት ተብሎ ይጠራ ነበር፤ የልጁም ስም ለልጅ ልጅ ተላልፎ የቤተሰብ ስም ሆነ።

ፋሲካ፣ ትንሣኤ ወይም ልደቱ የሚባል ዘመድ ላለው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በእንግሊዝም በገና የተወለደው ኖኤል ይባል ነበር፤ ዛሬ በጌጣጌጥ መደብር ስምነቱ የሚታወቀው ቲፋኒም መነሻው ለጥምቀት በዓል ልጆች ይሰጥ የነበረ የሴት ስም ነው። ከኮርንዎል የመጣው ፓስኮ የሚለው የቤተሰብ ስም ደግሞ ከፋሲካ ጋር ይዛመዳል።

ከፔንቴኮስት እስከ ፓንክረስት ያለው ርቀት ሲያዩት ረጅም ይመስላል፤ በአፍ ግን አጭር ነው። ‘ፔንቴኮስት’ በፍጥነት ሲነገር ‘ፔንኮስት’፣ ‘ፓንከስት’ እየሆነ ይሄዳል። ስሙን የሰማው ጸሐፊ ደግሞ ዙሪያውን ‘ኸርስት’ በሚል የሚያልቁ ቦታዎችና ቤተሰቦች የከበቡት ሰው ነው። ያልገባውን የግሪክ ቃል በሚያውቀው የአገሩ ቃል ማስተካከሉ አያስገርምም። ወደ አሜሪካ የተሻገረው የዚሁ ስም ዘመድ ግን ‘ኸርስት’ን ሳያገኝ ቀርቶ ፓንኮስት ሆኖ ጸንቷል። ይህን መልክ ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል፤ በሳንባ ጫፍ ላይ የሚወጣው የፓንኮስት ዕጢ የተሰየመው በፊላዴልፊያው የራጅ ሐኪም በሄንሪ ፓንኮስት ነው።

ከሁለቱ መልሶች አንዱን መምረጥ የግድ አይደለም። አንዱ ቤተሰብ ከወፏ ኮረብታ፣ ሌላው ከበዓሉ ተነሥተው በጸሐፊዎች ብዕር አንድ አጻጻፍ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የስም ታሪክ የሚያጠና ሰው የሚሳሳተውም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁሉ አንድ አያት አላቸው ብሎ ሲነሣ ነው። ለአንድ የተወሰነ ቤተሰብ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለየው የደብር መዝገብ በትውልድ ወደ ኋላ ሲገለጥ ብቻ ነው።

በጋብቻ የተገኘ፣ ያለ ጋብቻ የተላለፈ

ስሙን በዓለም ያሳወቁት ኤመሊን ፓንክረስት ሲወለዱ ፓንክረስት አልነበሩም። በ1858 በማንቸስተር ሲወለዱ የቤተሰባቸው ስም ጎልደን ነበር። ፓንክረስትን ያገኙት በ1879፣ ከ20 ዓመት በላይ የሚበልጧቸውን የሕግ ባለሙያ ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስትን ሲያገቡ ነው። ባልየው በስታፎርድሺር አውራጃ በስቶክ ተወልደው በማንቸስተር የኖሩ፣ የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቀውን የ1870 ረቂቅ ሕግ ያዘጋጁ ሰው ነበሩ። ያገቡ ሴቶች ንብረታቸውን በራሳቸው ስም እንዲይዙ ለተደረገው ትግልም እውቀታቸውን አውለዋል። ይህ መብት የተሟላው በ1882 ሕግ ነው፤ ዓመቱ ሁለተኛ ልጃቸው ሲልቪያ የተወለዱበት ነው።

ስለዚህ ጋብቻ የሚነገር አንድ ነገር ለስሙ ታሪክ ትርጉም አለው። ኤመሊን ከሠርጉ በፊት፣ ሕጋዊ ጋብቻ ሳይፈጽሙ በነፃ ፈቃድ አብረው እንዲኖሩ ለሪቻርድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሪቻርድ አልተቀበሉም። ያለ ጋብቻ የምትኖር ሴት ከሕዝብ ጉዳይ ትገለላለች የሚል ምክንያት ሰጡ። ኤመሊን ተስማሙ፤ ስሙንም ያዙ። ባለቤታቸው በ1898 ከሞቱ በኋላ፣ በ1903 ከልጆቻቸው ጋር በማንቸስተር የሴቶችን ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት መሠረቱ። ‘ከቃል ይልቅ ተግባር’ በሚለው መፈክሩ የታወቀው ይህ ኅብረት የፓንክረስትን ስም ከሰሴክስና ከኬንት የደብር መዝገብ አውጥቶ የጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ አዋለው።

እናት የተውትን ሐሳብ ልጅ ፈጸሙት። ሲልቪያ ከጣሊያናዊው ስደተኛ፣ የኅትመት ሠራተኛና ጸሐፊ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ይኖሩ ነበር። በታኅሣሥ 1927፣ በ45 ዓመታቸው ወንድ ልጅ ሲወልዱ አባትየውን ለማግባትም ሆነ የእርሱን ስም ለመያዝ ፈቃደኛ አልሆኑም። በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት የባሏን ስም እንድትይዝ የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም፤ ልማዱ ግን ከሕግ የጠነከረ ነበር። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም መያዙ እንደ ነውር ምልክት ይታይ ነበር። ሲልቪያ ይህንኑ ምልክት ወድደው ተቀበሉት። ኤመሊን ነገሩን በብርቱ ተቀየሙ፤ እናትና ልጅ ሳይታረቁም ኤመሊን በሰኔ 1928 ዐረፉ። እንግሊዛውያን ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲመርጡ የፈቀደው ሕግ የጸደቀው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው።

ሕፃኑ ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስት ተባለ። ሪቻርድ የአያቱ ስም ነው፤ ኪር ለሠራተኛው ፓርቲ መሥራች ለኪር ሃርዲ መታሰቢያ ነው። ፔቲክ የተወሰደው ከትግሉ ጓድ ከኤመሊን ፔቲክ ሎውረንስ ነው። እኚህ ሴት በ1901 ሲያገቡ፣ እርሳቸውና ባለቤታቸው የሁለቱንም ቤተሰብ ስም አጣምረው በጋራ የያዙ ናቸው። ልጁ የተለመደውን መንገድ ተከትሎ ቢሰየም ኖሮ ሪቻርድ ኮሪዮ ይባል ነበር። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ለዓመታት የተሟገተው የታሪክ ምሁርም የጣሊያን ስም ይኖረው ነበር ማለት ነው።

ስም ወደማይወረስበት አገር

ሲልቪያ ‘ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ’ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ የመሠረቱት አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር እጅ በወደቀችበት በግንቦት 1936 ነው። ጋዜጣውን 20 ዓመት ከመሩ በኋላ፣ በ1956 ከልጃቸው ጋር መኖሪያቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ፤ በዚያም ‘ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር’ የተባለውን መጽሔት አዘጋጁ። በመስከረም 1960 ሲያርፉ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጎን ተቀበሩ። በጸሎተ ፍትሐቱ የተጠሩት ግን ሲልቪያ ተብለው አልነበረም፤ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ስማቸውን ለማንም አሳልፈው ያልሰጡት ሴት በመጨረሻዋ ሰዓት አዲስ ስም አገኙ።

የመጡበትና የሄዱበት አገር የስም ሥርዓት ፈጽሞ የተለያየ ነው። በኢትዮጵያ ልጅ የራሱን ስም ከአባቱ መጠሪያ ስም ጋር ይዞ ይኖራል፤ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የራሱ ስም ለልጁ የአባት ስም ይሆናል። በየትውልዱ የሚታደስ እንጂ የሚወረስ ስም የለም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ‘የቤተ ዘመድ ስም’ የሚል ድንጋጌ ይዞ ቢመጣም፣ ሕዝቡ በነባሩ ልማድ ቀጠለ። በዚህ ልማድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም። ሲልቪያ በለንደን ከእናታቸው ጋር የተቆራረጡበት ነገር ለአዲስ አበባ ጎረቤቶቻቸው ማንም የማያነሣው የዘወትር ጉዳይ ነበር። ይህ ማለት ግን የኢትዮጵያ ልማድ ሴትን ከወንድ አስተካክሏል ማለት አይደለም፤ የሚጠበቀው ስም የአባት ነው። ሲልቪያ የጠበቁት ፓንክረስትም የአባታቸው ስም ነበር።

ሁለቱ ሥርዓቶች ፊት ለፊት የሚጋጩት ዛሬ በስደት በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ነው። ዳዊት ከበደ የሚባል አባት አዲስ አበባ ሴት ልጅ ቢወልድ ሣራ ዳዊት ትባላለች። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ቢወልዳት ግን የልደት መዝገቡ የሚጠብቀው የቤተሰብ ስም ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሣራ ከበደ ሆና ትመዘገባለች፤ የወለዳት የዳዊት ስም ከመዝገቡ ይጠፋል። እናቲቱ ደግሞ የራሷን አባት ስም እንደያዘች ናት። ልማዱን የማያውቅ የድንበር ሠራተኛ ወይም የትምህርት ቤት ጸሐፊ የልጅቱን እናትነት እንድታስረዳ ሲጠይቃት፣ ጥያቄው የሚነሣው ከዚሁ ልዩነት ነው። ሣራ ለልጆቿ ይህንኑ ካስተላለፈች፣ አቶ ከበደ ሳያስቡት የአንድ ቤተሰብ ስም መነሻ ይሆናሉ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝ ጎረቤት ዌልስም አልፋበታለች። ዌልሶች እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ኢትዮጵያውያን በአባት ስም ይጠሩ ነበር። ‘አፕ’ የሚለው ቃል ‘ልጅ’ ማለት ነው፤ የሪስ ልጅ ‘አፕ ሪስ’፣ የሃወል ልጅ ‘አፕ ሃወል’ ይባል ነበር። አገሪቱ ከ1536 ጀምሮ በእንግሊዝ ሕግ ሥር ስትጠቃለልና የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች የሚጸና ስም ሲፈልጉ፣ በዚያች ቅጽበት የነበረው አባት ስም ባለበት ደረቀ። አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል ሆነው ቀሩ። ዛሬ ፕራይስ የሚባሉት ሰዎች ሁሉ አባታቸው ሪስ አይደለም፤ ነገር ግን በሐረጋቸው አንድ ሪስ ነበረ።

ፓንክረስት በኢትዮጵያም እንደ እንግሊዝ ደንብ እየተወረሰ ቆይቷል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ሆኑ፤ ባለቤታቸው ሪታ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መሩ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ሲቆም ለማየት በቁ፤ በየካቲት 2017 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጆቻቸው አሉላና ሄለን ይባላሉ፤ በአንደኛው ስም ውስጥ ኢትዮጵያዊና የሰሴክስ ቃል ጎን ለጎን ቆመዋል። አሉላ በማኅበራዊ ጥናት፣ ሄለን በሴቶች መብት ላይ በሚያተኩሩ ሥራዎቻቸው ይታወቃሉ። የሄለን ልጅም የእናቷን ስም ይዛለች፤ በዚህ ቤተሰብ ስሙ በሴት በኩል ሲተላለፍ ይህ ሁለተኛው ነው።

ስሙ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የጥንቱ ታሪክ እየተደገመ ነው። አንዱ ጸሐፊ ፓንክረስት፣ ሌላው ፓንክኸርስት፣ ሦስተኛው ፓንከርስት ይላል። ‘ኸ’ን የሚያስገባው ሳያውቀው ጫካማውን ኮረብታ ይመልሰዋል፤ የሚተወው በአፍ እንደሚሰማው ወደ ፔንቴኮስት ይጠጋል። በአማርኛ ጋዜጦችና መጻሕፍት ስለዚህ ቤተሰብ መረጃ የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም አጻጻፍ መሞከር ይኖርበታል።